ቁልፉ በማን ኪስ ነው? ከአራዳ ማኅተም እስከ እጅ ስልካችን

በሕገ መንግሥት ታሪካችን ውስጥ አንድ የቁጥር ግጥጥሞሽ አለ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ ሕግ ከሚፈቅደው በቀር ማንም የኢትዮጵያን ተወላጅ የደብዳቤ ምስጢር ሊደፍር እንደማይችል ደነገገ። አንቀጹ 26 ነበር። ከ64 ዓመት በኋላ፣ በ1987 የጸደቀው የአሁኑ ሕገ መንግሥት የሰው የግል ጽሑፍ፣ በፖስታ የሚልከው ደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ደነገገ። ይህም አንቀጽ 26 ነው።

በእነዚህ ሁለት ሃያ ስድስቶች መካከል ጣሊያን መጥቶ ሄዷል፣ ዘውድ ወድቋል፣ ደርግ ነግሦ ፈርሷል። የተስፋው ቃል ግን እየታደሰ ኖረ። ከቃሉ ጋር አብሮ የኖረ ሌላም ነገር አለ፤ የተስፋው ቁልፍ ዘወትር በተስፋ ሰጪው እጅ መሆኑ። ደብዳቤያችሁን አልከፍትም ያለው መንግሥት ፖስታ ቤቱ የእርሱ ነበር። ንግግራችሁን አልሰማም ያለው መንግሥት የስልክ መሥመሩ የእርሱ ነበር። እስር ቤቱማ የማን እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

የዚህ ጽሑፍ ነገር አንድ ነው። በኪሳችን ያለው ስልክ ፋይሎቹን የሚቆልፍበት ዘዴ፣ ምስጠራ ወይም በተለምዶ ኢንክሪፕሽን የምንለው፣ የቴክኒክ ባለሙያዎች ወሬ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር የምስጢር ታሪክ ውስጥ ቁልፉ ከባለሥልጣን እጅ ወጥቶ ወደ ተራው ባለቤት ኪስ የገባበት ትልቁ አጋጣሚ ነው። ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ ከአራዳ መነሳት ይሻላል።

ማኅተም ይመሰክራል እንጂ አይደብቅም

አራዳ መጀመሪያ ገበያ ነበር። በገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ዕቃ የሚሸጥበት፣ አዋጅ የሚሰማበት፣ ወሬ የሚለቀምበት ቦታ። ጣሊያን ከገባ በኋላ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ስፍራ አበጀ፤ የቀድሞው አራዳ እምብርት ደግሞ ፒያሳ ተባለ። ስሙ ይለወጥ እንጂ ጠባዩ አልተለወጠም፤ አራዳ ምንጊዜም ወሬ የሚፈጥንበት ሰፈር ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከቤተ መንግሥት የሚወጣ ደብዳቤ አናቱ ላይ የአንበሳው ማኅተም ያርፍበታል። የማኅተሙ ጠባቂ ጸሐፌ ትእዛዝ ነው። የምኒልክን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በ1900 የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትር የሆኑት ለዚህ ነው። ማኅተም የያዘ ሰው የንጉሡን ቃል ይዟል።

ልብ በሉ፤ ማኅተም የሚያረጋግጠው ደብዳቤው ከማን እንደመጣ ነው። ውስጡ ያለውን አይደብቅም። ወረቀቱን የያዘና ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ዋናውን ነገር ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ አያሰፍሩትም ነበር። ደብዳቤው መልእክተኛው የታመነ መሆኑን ይናገራል፤ ቁም ነገሩን መልእክተኛው በቃሉ ያደርሳል። ምስጢሩ ያለው በሰው ሆድ ነው። «ሆድ ይፍጀው» የምንለው አባባል የዚህ ሥርዓት ልጅ ይመስለኛል።

ከዚያ ፖስታ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በ1886 ወጡ፤ በ1901 ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ነጋዴው፣ የውጭ አገር ሰው፣ ቀስ በቀስም ተራው ሰው ደብዳቤውን የማያውቀው ሰው እጅ ላይ ጥሎ መሄድ ጀመረ። መልእክተኛው ከእንግዲህ የቤት አሽከር አይደለም፤ መሥሪያ ቤት ነው። አንቀጽ 26 ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጁ የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት በሞዴልነት ተጠቅመዋል፤ በዚያም ሰነድ የደብዳቤ ምስጢር የሚጠበቀው በአንቀጽ 26 ነው። ቁጥሩ ሳይቀር የመጣው ከቶኪዮ ነው ማለት ነው።

የአራዳ ልጅ ቋንቋና የሆላንዳዊው ሕግ

ሕጉ ተስፋ ሲሰጥ፣ ሰፈሩ ደግሞ የራሱን መላ ፈጠረ። የአራዳ ልጅ ቋንቋን ሁላችንም እናውቃለን። ከአማርኛው ላይ ቃል ገልብጦ፣ ከጣሊያንኛው ቆንጥሮ፣ ትርጉም አዛንፎ የሚሠራ ንግግር ነው። ዓላማው ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ፖሊስ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሻጭ አጠገብ ሆኖ፣ ሦስተኛው ሰው ሳይገባው መነጋገር ያስፈልጋል። አራዳ ብቻውን አልነበረም፤ አዝማሪዎችና ነጋዴዎችም የራሳቸው የምስጢር ቋንቋ ነበራቸው። ቮልፍ ሌስላው የተባለው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ እነዚህን የኢትዮጵያ የምስጢር ቋንቋዎች አጥንቶ በ1964 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሞባቸዋል።

የዚህ ዓይነቱ ምስጠራ አንድ ድክመት አለው፤ ዘዴው ከታወቀ ምስጢሩ ያልቃል። «ፋራ»፣ «ጀለስ»፣ «ቺስታ» የሚሉት ቃላት ዛሬ የማንም ምስጢር አይደሉም፤ ሕፃን ልጅ ይናገራቸዋል። የአራዳ ልጅ በየጊዜው አዲስ ቃል የሚፈጥረው የድሮው ስለተሰረቀበት ጭምር ነው።

ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባለ ሆላንዳዊ ይህን ችግር በ1883 እ.ኤ.አ. በአንድ ሐሳብ ዘጋው። ጥሩ የምስጠራ ዘዴ ማለት ዘዴው ሙሉ በሙሉ ጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ምስጢሩ የማይወጣ ነው፤ መደበቅ ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው አለ። የቁልፍ ሠሪውን ሥራ አስቡ። የጓጉንቸሩን አሠራር ከተማው ሁሉ ሊያውቀው ይችላል፤ በራችሁን የሚከፍተው ግን እናንተ ኪስ ውስጥ ያለው ብረት ነው። ዛሬ ኮዱ ለዓለም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ፋይላችንን የምንቆልፈው በዚህ ሕግ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ቁልፍ ማጣት ምን እንዳስከፈለን ማየት ይገባል።

ማይጨው፦ የተነበበው መልእክት

በ1928ቱ ጦርነት ኢትዮጵያ በአየር ኃይልና በመርዝ ጋዝ ብቻ አይደለም የተጠቃችው። በጆሮም ተጠቅታለች። የጣሊያን ጦር የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክቶች ይጠልፍ፣ የተመሰጠረውንም ይፈታ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ማጥቃት ሲጀምር ማርሻል ባዶሊዮ አልተደናገጠም። ጥቃቱ እንደሚመጣ አስቀድሞ ከሬዲዮ ያውቅ ነበርና ምሽጉን አጠናክሮ ጠበቀ።

ሌላም የሚያሳዝን ምፀት አለ። አገሪቱ ለዓለም ድምፅዋን የምታሰማበትን የአቃቂን ሬዲዮ ጣቢያ የገነባው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነበር።

ማይጨው ላይ የተሸነፍነው በሬዲዮ ምክንያት ብቻ ነው አልልም። የኃይል ሚዛኑ ግልጽ ነበር። ይሁንና ዛሬም ድረስ «የሚደብቅ ነገር የሌለው ሰው ምስጠራ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ማይጨው ትዝ ይለኛል። ደካማ ምስጠራ የሚጎዳው ወንጀለኛን ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚጎዳው አገርን ነው።

የተቃጠለው ወረቀት

በደርግ ዘመን የአዲስ አበባ ሰው ስለ ማኅደር ሌላ ትምህርት ተማረ። በ1969 ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ ይፈለግ የነበረው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም። የጽሕፈት መኪናና የወረቀት ማባዣም እንደ መሣሪያ ይታደኑ ነበር። አንድ «ዴሞክራሲያ» ጋዜጣ በፍራሽ ሥር መገኘቷ ለሞት ትበቃ ነበር።

ሰው ምን አደረገ? አቃጠለ። መጽሐፍ፣ ደብዳቤ፣ ማስታወሻ፣ የጓደኛ ፎቶግራፍ በምድጃ ገባ፤ የቀረው መጸዳጃ ጉድጓድ ተጣለ ወይም ጓሮ ተቀበረ። የዚያ ትውልድ ታሪክ ዛሬ በምስክርነትና በትዝታ የሚጻፈው ብዙው ወረቀት ስለሌለ ነው። ይህ የምስጢር ጥያቄ ብዙ ጊዜ የማይታይ ገጽታ ነው። መቆለፍ ያልቻለ ሰው ያለው ምርጫ ማጥፋት ነው። ሰነዱን የሚያጠፋ ሕዝብ ደግሞ ታሪኩን ያጠፋል። ቁልፍ ያለው ሳጥን ለባለቤቱ ደኅንነት የሚጠቅመውን ያህል ለታሪክ ጸሐፊም ይጠቅማል።

ሊኑክስ የመጣበት ክረምት

ግንቦት 20 ቀን 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በዚያው ክረምት፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ ለትርፍ ጊዜው ብሎ የሠራውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ለዓለም አስታወቀ። ከርነል የሚባለው፣ ማሽኑንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘው የሥርዓቱ እምብርት ነው። ሊኑክስ ተባለ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ማንም ያርመዋል።

ዛሬ ፒያሳም ሆነ መርካቶ ከሚሸጡት ስልኮች አብዛኞቹ አንድሮይድ ናቸው፤ አንድሮይድ ደግሞ ከሥሩ ሊኑክስ ነው። እነ ጆላና ፓይንፎን የመሳሰሉ ከአንድሮይድ ውጪ ያሉ የሊኑክስ ስልኮችም አሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ብርቅ ናቸው። እንግዲህ አንድ ነገር እናስተውል። ሊኑክስ ምስጢሩን የሚጠብቀው እንደ አራዳ ቋንቋ ዘዴውን በመደበቅ ሳይሆን እንደ ኬርክሆፍስ ቁልፉን በመደበቅ ነው። ምስጠራው የተጻፈበት ኮድ በዓለም ፊት የተዘረጋ ነው። ባለሙያዎች ለዓመታት መርምረውታል። የተደበቀው የእናንተ የይለፍ ቃል ብቻ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ስልኩ ፎቶውን፣ መልእክቱን፣ የስልክ ቁጥር ዝርዝሩን በማስታወሻው ላይ ሲጽፍ ወደማይነበብ ትርምስ ለውጦ ይጽፈዋል። መልሶ የሚያስተካክለው ቁልፍ ራሱ ሌላ ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ እርሱም ከእናንተ ፒን ወይም የይለፍ ቃል እና በስልኩ ብረት ውስጥ ከተቀበረ ምስጢር ጋር ተጣምሮ ይወጣል። ሌባ የማስታወሻውን ቺፕ ነቅሎ በሌላ ማሽን ላይ ቢሰካው የሚያገኘው ትርምሱን ነው። ከአንድሮይድ 7 ወዲህ የመጣው ዘዴ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻው ይቆልፋል። ስለዚህ ስልኩ ተነሥቶ ገና ሳይከፈት የማንቂያ ደወሉ ይደውላል፤ ፎቶዎቻችሁ ግን እንደተቆለፉ ናቸው።

የድሃ ስልክ ለምን ሳይቆለፍ ቆየ?

ይህ ምዕራፍ ብዙ አይወራም፤ ለእኛ ግን ዋናው ነው። ጎግል በ2014 እ.ኤ.አ. አንድሮይድ 5 አዳዲስ ስልኮችን ከፋብሪካ ቆልፎ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ወደኋላ አለ፤ ብዙዎቹ ስልኮች ሥራው ከብዷቸው ተንቀራፈፉ። በቀጣዩ ዓመት አንድሮይድ 6 ግዴታውን መልሶ ሲያመጣ በር ተወለት። ኤኢኤስ የተባለውን ዓለም አቀፍ የምስጠራ ዘዴ በሴኮንድ ከ50 ሜጋባይት በላይ መሥራት የሚችል ስልክ ይቆለፍ፤ የማይችል ግን ይቅርበት ተባለ።

የማይችለው የማን ስልክ ነበር? ውድ ስልኮች ለዚህ ሥራ የተለየ ቺፕ ነበራቸው። ርካሾቹ አልነበራቸውም። ስለዚህ የኒውዮርክ ነጋዴ ስልክ ሲቆለፍ፣ የአዲስ አበባ ተማሪ፣ የጋምቤላ መምህር፣ የጎንደር ጋዜጠኛ በቁጠባ የገዛው ስልክ ክፍቱን ቀረ። ማስፈራሪያው የበለጠው ሰው ጥበቃው ያነሰ ሆነ። ቴክኖ የተባለውን ስልክ የሚሠራው ትራንሽን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ስልክ ይገጣጥማል፤ ገበያው የቆመው በርካሽ ስልክ ላይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

መፍትሔው የመጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት የጎግል ባለሙያዎች አዲያንተም የተባለ ዘዴ ሠሩ፤ በርካሽ ስልኮች ላይ ከነባሩ ከአምስት እጥፍ በላይ ይፈጥን ነበር። በሊኑክስ ከርነልም ገባ። በዚያው ዓመት የወጣው አንድሮይድ 10 ሰበቡን ሁሉ አነሣ፤ ከእርሱ ጋር ለገበያ የሚወጣ ስልክ ሁሉ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ እንዲቆለፍ ግዴታ ሆነ። ለእኛ የምስጢር ታሪክ ይህ ከማንኛውም አዋጅ ያላነሰ ቀን ነው። ማንም ሳይከራከርበት፣ ማንም ሳያጸድቀው፣ ተራው ሰው ኪስ ውስጥ ቁልፍ ገባ።

ማዕከላዊ፦ መቆለፍን መማር ወንጀል ሲሆን

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው አራዳ ውስጥ፣ ማዕከላዊ አለ። በደርግ ጊዜም በኢሕአዴግ ጊዜም የምርመራና የስቃይ ስም ነው። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዞን ዘጠኝ የተባለው የጦማሪያን ስብስብ አባላትና ጋዜጠኞች መያዝ ጀመሩ፤ ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ማዕከላዊ ገቡ። ዞን ዘጠኝ የሚለው ስም ራሱ ትርጉም አለው። ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን ነበረው፤ ዘጠነኛው የተቀረው አገር ነው ማለት ነበር።

በሐምሌ 2006 በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ክስ ተመሠረተባቸው። በክሱ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባለው ማስተማሪያ የዲጂታል ደኅንነት ስልጠና መውሰዳቸው ነበር። ይህ ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ የሚያነበው፣ ፋይል እንዴት እንደሚቆለፍና የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስተምር መመሪያ ነው። አጋጣሚውን አስተውሉ። በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ በ2014፣ ጎግልና አፕል ምስጠራን የስልክ ሁሉ ነባሪ ጠባይ እናደርጋለን ብለው ያውጁ ነበር። ዓለም በነፃ ከስልክ ጋር አብሮ የሚሸጠውን ነገር መማር አራዳ ላይ የሽብር ክስ ማስረጃ ሆነ።

አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ልደታ የሚገኘው ፍርድ ቤት በሌለችበት የተከሰሰችውን ጨምሮ አራቱን በነፃ አሰናበተ፤ የቀረው አንዱ ከሽብር ክሱ ነፃ ተብሎ በሌላ የወንጀል ሕግ አንቀጽ እንዲከላከል ታዘዘ፤ እርሱም በዚያው ሰሞን በዋስ ወጣ። ማዕከላዊም በ2010 ተዘጋ። አዋጅ 652 ደግሞ በ2012 በአዲስ አዋጅ ተተካ።

ክፍት በር የሚተው ሰው የሚገጥመውንም ያው ዘመን አሳይቶናል። መቀመጫው ጣሊያን የሆነው ሃኪንግ ቲም የተባለ ኩባንያ ለመንግሥታት የስለላ ሶፍትዌር ይሸጥ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ራሱ ተሰረቀና 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነዱ ኢንተርኔት ላይ ተበተነ። ከሰነዱ መካከል የእኛው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ደንበኝነትና የኢሜይል ልውውጥ ይገኝበታል። የሰውን ምስጢር ለመክፈት ገንዘብ የከፈለው የራሱ ምስጢር ተከፈተበት። በማይጨው ጊዜ ጠላፊው ጣሊያን ነበር፤ በዚህኛው ደግሞ የጠለፋውን ዕቃ ከጣሊያን ገዛን።

ቁልፉ የማይዘጋው በር

አሁን የምስጠራን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የማይሠራውን ይሠራል ብሎ መተማመን ካለመቆለፍ የከፋ ነውና።

አንደኛ፣ ምስጠራው የሚጠብቀው ስልኩ ውስጥ ያለውን እንጂ ከስልኩ የወጣውን አይደለም። ለማን እንደደወላችሁ፣ መቼ እንደደወላችሁ፣ የት ሆናችሁ እንደደወላችሁ ቴሌ ዘንድ ይመዘገባል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ሪፖርት፣ የጥሪ ዝርዝርና የተቀዳ ንግግር በምርመራ ላይ ለታሳሪዎች ይቀርብ እንደነበር መዝግቧል። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ቴሌግራምም ቢሆን ተራ ቻቱ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ቻት» ብላችሁ ስትከፍቱት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ የተከፈተ ስልክ እስኪጠፋ ድረስ ቁልፉን በማስታወሻው ይዞ ይቆያል። ቁልፉ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ስልኩ ጠፍቶ ሲነሣ፣ የመጀመሪያው ፒን ሳይገባ በፊት ነው። አደጋ ያለበት ቦታ ስትሄዱ ስልክ አጥፍቶ መያዝ ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሚሞሪ ካርዱ። ስልኩ ቢቆለፍም ጎኑ ላይ የምትሰኩት ካርድ ብዙ ጊዜ ክፍቱን ነው። ነቅሎ የወሰደ ሁሉ ፎቶውን ያያል።

አራተኛ፣ ፒኑ። ባለ 4 አኃዝ ፒን 10,000 አማራጭ ብቻ አለው፤ ባለ 6 አኃዙ 1,000,000። የልደት ዓመት ከሆነ ደግሞ ከመቶ አይበልጥም። የፊደል ይለፍ ቃል ከሁሉም ይሻላል፤ የአንድሮይድ መቆለፊያ የእኛን ፊደል አለመቀበሉ ግን ያሳዝናል። አማርኛውን በላቲን ሆሄ መጻፍ መላ ነው፤ የታወቀ ተረት ግን አትምረጡ።

ፒያሳ ይህን ሁሉ በሌላ በኩልም ታውቀዋለች። እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር የነበራት ከተማ ስለ ሌባ ትምህርት አያስፈልጋትም፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው የተዘረፈ ሰው ቢጮህ ሰሚ ስለማያገኝ ነው ይባላል። ከታክሲ መስኮት የተነጠቀ ስልክ ዋጋው የስልኩ ብቻ አይደለም። ውስጡ የባንክ መተግበሪያ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የቤተሰብ ምስል አለ። የድሮ ስልክ ሲሸጥም እንደዚያው ነው። ባልተመሰጠረ ስልክ ላይ ፎርማት ማድረግ ፋይሉን ከዝርዝር ያወጣዋል እንጂ ሁልጊዜ አያጠፋውም። በተመሰጠረው ላይ ግን ቁልፉ ስለሚደመሰስ የቀረው ትርምስ ብቻ ነው።

አምስተኛውና ትልቁ ግን ሰውየው ነው። ሒሳቡ ባይሰበርም ሰው ይሰበራል። ቁልፉ በእናንተ ራስ ውስጥ ካለ ቁልፉን የሚፈልግ ሁሉ ወደ እናንተ ይመጣል። ማዕከላዊ የሠራው በሒሳብ አልነበረም።

ሕጉ የት ቆመ?

ስለዚህ ከአንቀጽ 26 ጋር ሊያያዙ የሚገባቸው ሁለት አንቀጾች አሉ። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለውና በማስገደድ የተገኘ ቃል በማስረጃነት እንደማይያዝ ይናገራል። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ ይደነግጋል። የይለፍ ቃል መናገር ምስክርነት ነው ወይስ እንደ ቤት ቁልፍ ዕቃ ማስረከብ ነው?

ዓለም በዚህ አልተስማማም። በእንግሊዝ ቁልፉን እንዲሰጥ በሕግ ታዝዞ እምቢ ያለ ሰው እስከ 2 ዓመት፣ በብሔራዊ ደኅንነት ጉዳይ ደግሞ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ተከፋፍለዋል። በእኛ አገር የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስለ አንድ የኮምፒዩተር ሥርዓት ወይም ስለተደረገለት ጥበቃ በሥራው አጋጣሚ የሚያውቅ ሰው መርማሪውን እንዲያግዝ ማዘዝን ይፈቅዳል። ይህ ለኩባንያ ባለሙያ የተጻፈ ይመስላል፤ ተጠርጣሪውን ራሱን ፒንህን ንገር ለማለት እንዳይለጠጥ ግን አጥር ያስፈልገዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ መልካም ነው፤ እርሱ የሚመለከተው ግን በዋናነት መረጃችንን የሚሰበስቡትን እንጂ ኪሳችን ውስጥ ያለውን ቁልፍ አይደለም።

ተቃራኒው ክርክር ቀላል አይደለም። እገታ በበዛበት አገር፣ ልጁ የተወሰደበት አባት ፖሊስ የያዘውን የአጋች ስልክ መክፈት አልቻልኩም ሲለው ምን ይሰማዋል? ይህን ጥያቄ ማቃለል አይገባም። መልሴ ሁለት ነው። ፖሊስ ያለ ቁልፉም ብዙ በር አለው፤ የጥሪ መዝገብ፣ የአንቴና መረጃ፣ የባንክ ዝውውር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይገኛል። ሁለተኛው፣ ለፖሊስ ብቻ የሚከፈት በር ሠርቶ የተሳካለት እስካሁን የለም። አጋቹን የሚቆልፈው ጓጉንቸር የጄኔራሉን፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁን፣ የዳኛውን ስልክ የሚቆልፈው ያው ነው። ለአንዱ ከላላ ለሁሉም ላልቷል፤ ማይጨውና ሃኪንግ ቲም ምስክሮች ናቸው።

የምክር ቤት አባሎቻችን ቢሰሙኝ የምጠይቀው ረጅም አይደለም። ስልክ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይፈተሽ። ተጠርጣሪ የይለፍ ቃሉን ለመርማሪ ባለመናገሩ አይቀጣ፤ ዝምታውም በማስረጃነት አይያዝበት። ስለ ምስጠራ መማርና ማስተማር በየትኛውም ክስ ውስጥ እንደ ወንጀል ምልክት አይጠቀስ። ይህ በግልጽ ይጻፍ።

እኛ ደግሞ አዋጁን ስንጠብቅ አንቀመጥ። ስልካችሁን ከመጨረሻው አንቀጽ በኋላ አውጡና ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ምስጠራው መብራቱን እዩ፤ ፒኑን ወደ 6 አኃዝ አሳድጉ፤ ከሚሞሪ ካርዱ ላይ የማይገባውን አንሡ። የእናቶቻችንንም ስልክ አንርሳ፤ የቤተሰቡ ሁሉ ፎቶ ያለው እዚያ ነው።

ከ1923 ጀምሮ የደብዳቤ ምስጢራችን እንደማይደፈር ሲነገረን ኖሯል። ቃሉ ከወረቀት ላይ ወደ ኪሳችን ለመውረድ ሰማንያ ስምንት ዓመት ግድም ፈጀበት። አሁን ቁልፉ እኛ ጋ ነው። ቁልፉን የያዘ እጅ እንዳይጠመዘዝ መጠበቅ ግን ዛሬም የሕግ ሥራ ነው።